ጣትሽን አንሺ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር ሥር ያደረ
ጆሮዬ እንደ ናፍጣ ጨርቅ ከብዶ ነበረ።
ሰው ሲያወራኝ እጁን፣ ከንፈሩን ነው የማይ፤
«አንለይ!» ቢሉኝ ከወደብ፣ አልዞርም ወደ ላይ።

ዘንድሮ ድርጅቱ ሄድሴት አመጣልኝ፤
ጥቁር፣ ሁለት ትራስ ጆሮ የሚሸፍንልኝ፣
ሽምብራ የምታህል ማይክ ከአፌ ሥር፣
ከደረት ራዲዮ በጠምዛዛ ክር።
ዳጉሳ የጫነች የደቅ ሴት ሳቀችብኝ፦
«አብራሪ ሆነሃል ወይ፣ አንለይ?» አለችኝ።

ሳጠልቀው፣ ሞተሩ ከእግሬ ሥር ሸሸና
የማዶ ወፍጮ ሆነ፤ ዝም አለ ጣና።
በዝምታው መሃል የልጄ ድምፅ መጣ፦
«ጣና ሁለት፣ ወደብ ነኝ። ነፋሱ ወጣ?
ተቀበል።»

ይታይሽ ናት። ወደብ፣ የራዲዮ ሠራተኛ።
ቤት ውስጥ ትጮኻለች፣ እኔ ነኝ ዝምተኛ፤
ያልሰማሁትን ሁሉ በ«እሺ» ሸኘሁት።
ያን ቀን ግን ትንፋሿን ከቃሏ ፊት ሰማሁት።

ሕጉ ቀላል ነው፦ ጫን፣ ተናገር፤ ልቀቅ፣ ስማ።
አንድ መስመር ለሁለት አፍ አትሆንማ።

ሐሙስ ዕለት እምቦጭ ፕሮፔለር አንቆ
ከክብራን ፊት ቆምን፣ ሰዉ ተጨናንቆ።
አንዱ ቀረሶውን ውሃ ይረጨዋል፣
አንዷ ስለት ትሳላለች፣ ሕፃን ያነጥሰዋል።
ልጠራት ስል፣ እሷ ቀድማ ገባች፣ ሳታውቅ፤
ጣቷ ቁልፉ ላይ ተኝቶ፣ ረስታው መልቀቅ፤
ከጓደኛዋ ጋር፦ «ሠርጉን ገፋሁት፣ ከጥር ወደ ከርሞ።
እንዴት ጎንደር ልግባ፣ እሱ እንዲህ ደክሞ?
ለብቻው ቢተኛ፣ በር ቢሰበር አይሰማ።
ይቅርብኝ እኔማ።»

ተጫንኩ። ቁልፌን ተጫንኩ ደጋግሜ፤
«ሂጂ» ልላት። «ልጄ፣ ጣትሽን አንሺ!» አልኩ ቆሜ።
መስመሩ የእሷ ነው፣ ቃሌ አይገባም፤
ባለ ዳጉሳዋ ሰማች፣ ልጄ አልሰማችም።

ቀጭ።

«ጣና ሁለት፣ ወደብ። ቆማችኋል?» አለች፤
የሥራ ድምፅ፣ ጥርት ያለች።
«እምቦጭ ነው። ፈታነው፣ መምጣታችን ነው» አልኩ።
ጣቴን ግን አላነሳሁም። ጥቂት አሰብኩ።
«ደግሞ… ጥር ጥሩ ወር ነው። ተቀበይ» ብዬ
ለቀቅኩት። ሽውታ ብቻ ገባ በጆሮዬ፤
የዘጌው፣ የጎርጎራው ጀልባ ሁሉ ዝም አለ።
ቆይቶ፣
«ተቀብያለሁ»፤ ድምጿ እየዋለለ።