ግልባጭ

አድራሻ፦ ጎንደር፣ ማራኪ። እስከዚህ ቀላል ነው።
ምርኮኛው ማን እንደሁ የሚጠይቅ ማነው?

ቁጥር አምስት ጥያቄ «ምን ደረሰ?» ይላል፤
ለመልሱ አንዲት መስመር ይበቃል መስሎታል፤
ነጥብ ነጥብ ናት፣ ከስንዝር ታንሳለች፤
ያንን ሁሉ ምሽት የት ታስቀምጠዋለች?

ጻፍኩ፦ ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ መብራቱም ጠፍቷል፤
«ነይ፣ ውጤትሽን እዪ» ብሎ ጠርቶኛል፤
ቁልፉን ሁለቴ አዞረ።
        እዚህ ጋ እስክሪብቶው አልጽፍም አለ፣
ወይ እጄ፤ ከሁለቱ አንዱ ከዳኝ መሰለ።
ሕዳጉን ሞላሁት። ጀርባውን ገለበጥኩ።
ስሙን ከነማዕረጉ ደህና አድርጌ ጻፍኩ።

መጠበቂያው ወንበር ስፖንጁ ተነጭቷል፤
በጥፍር ነው። ስንቷ ተቀምጣበት ይሆን? ወንበሩ ያውቃል።

ወይዘሮ ብርቄ ቅጹን ወደሳቸው ስበው፣
«ምስክር አለሽ ወይ?» አሉኝ አቀርቅረው።
«ምስክሬ በር ነው፤ እሱ የቆለፈው።»
«ልጄ፣ ሰኔ ደርሷል፤ ጋዋንሽን ተከራዪ፤
ያንቺ ስም ነው እንጂ የሱ ይጎድፋል ወይ?»
ማኅተሙን ግን መቱ፤ ቀኑን አሰፈሩ፤
ለኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ ብቻ አፈሩ።
«ግልባጭ ያዢ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣
«እዚህ ቤት እግር ያወጣል እንዲህ ያለ ቅጽ።»

ከመንገዱ ማዶ፣ «አዘዞ! አንድ ሰው!» ከሚለው ባጃጅ ጀርባ፣
ትርንጎ ፎቶኮፒ ቤት፣ ወረቀቴን ታቅፌ ስገባ፣
«ሁለት» አልኳት።
ክዳኑን ከደነች።
አረንጓዴው ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ
በዓርቤ ሥር አለፈ።

አላነበበችም። ወይም አንብባለች።
ብሬን መለሰችልኝ፤ በሩን አየት አደረገች፤
«ባዶ ቅጽ… አንድ ተርፎሽ ይሆን?» አለች።