ተራ

ጥርስ ሐኪሙ በግራ፥ ያኛው በር በስተቀኝ፤
የምንጠብቅበት ወንበር ግን የጋራ።
ጉንጬን በመዳፌ ደግፌ ተቀመጥኩ፥
ለሚያልፍ ለሚያገድመው ጥርሱን ያመመው መስዬ።
ፊት ለፊቴ የቡድናችን በረኛ፤
እሱም ጉንጩን ይዟል።
ተያየን። አልተያየንም።
ስንቱ መንጋጋ ነው እዚህ ግቢ ውስጥ
ደህና ሆኖ የሚያመው?

ቫልዲቪያ ላይ ሰኔ ዝናብ ነው፤ ሐምሌም ዝናብ፤
ነሐሴ ሲደርስ ዝናቡ ራሱ ይሰለቻል።
በዝናቡ አላሳብብም።
ማንም አልሞተብኝ፤ ማንም አልከዳኝ።
ግንቦት ላይ፥ አንድ ማክሰኞ፥
ሸሚዝ መቆለፍ ከበደኝ፤
ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ቆምኩ።
ክፍል አልሄድኩም፤ ረቡዕም፥ ከዚያም ወዲያ።
አባቴ ከደሴቱ ይደውላል፥
ዛጎል ከሚያረባበት ገመድ እጁን አራግፎ፦
«ኤሊሴር፥ ትበላለህ?»
«እበላለሁ።»
«ብርዱስ?»
«ደህና ነው።»
ውሸት እንዲህ ቀላል ነው፥ አንድ ቃል አንድ ቃል በስልክ ውስጥ አልፎ።

ቅጹን የሞላችልኝ ዳማሪስ ናት፥ ከጎኔ ክፍል የተከራየችው፤
እኔ ጣሪያ እያየሁ፥ እሷ ጮክ ብላ እያነበበች፦
«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን ደስታ አጣህ?
ጥቂት? ከግማሽ በላይ? ወይስ ሁልጊዜ?»
«ጥቂት» አልኳት።
ቀና ብላ አየችኝ።
«ሁልጊዜ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ የሦስት ሳምንት ወረፋ።
አጥንት ቢሆን እኮ፥ ተጣሞም ቢሆን ይገጥም ነበር።
«ተራዎ ሲደርስ እንጠራዎታለን» ይላል መልእክቱ።
ተራዬ!
እኛ ቤት ተራ ሰዎች ነን፤
ተራ ሰው አይታመምም፥ ይደክመዋል እንጂ፤
ተራውን ሲጠብቅ ግን ቀኑ ተራራ ያህለዋል።

የግላዲስ ኦያርሱን ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀዷል።
ጠረጴዛዋ ላይ የሶፍት ካርቶን አለ፤
በጎን አየሁት፥ እንደ ወጥመድ።
አልነካትም አልኩ በልቤ።
አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ባሕር አንበሳ አወራኋት፦
ዓሣ ገበያው ሥር ተጋድመው ሌሊቱን ስለሚያገሱት፤
አንደኛው አንድ ዓይን እንደሌለው፤
ሻጯ የዓሣ ጭንቅላት ስትወረውርለት
ሌሎቹ እንደሚነጥቁት።
አላቋረጠችኝም። አልጻፈችም።
ልነሳ ስል ብቻ፦
«በስንት ሰዓት ነው ሲያገሱ የምትሰማቸው?»
«ዘጠኝ። አሥር። ሲነጋጋም።»
ዝም አለች።
ለካ እንቅልፍ ማጣቴን
በአውሬ አፍ ነግሬያት ኖሯል።

የደን ተማሪ ነኝ።
ዛፍ ሳይቆረጥ ዕድሜው የሚታይበት መሰርሰሪያ አለን፤
ቀስ ብለህ ታዞረዋለህ፥
እርሳስ የምታህል ቀጭን እንጨት ከልቡ ትወጣለች፤
ዛፉ እንደቆመ ነው።
ይህን የነገርኳት በአራተኛው ቀጠሮ ነው፤
የኔ እንጨት እንደተሰበረች፥
ቀለበቱን መቁጠር እንደጠፋኝ፥
ክፍሉ ሁሉ እያየኝ፥ ከሠላሳ ሁለት በኋላ
የሚመጣውን ቁጥር እንደረሳሁ።
ሶፍቷን ነካኋት። ሁለት ወሰድኩ፤
አንዷን ኪሴ ከተትኩ፥ ለመንገድ።

ዳንኩ አልልም።
ስምንት ቀጠሮ ነው የሚሰጡት፤ ስድስቱ አልቋል፤
ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን እሷም በደንብ አታውቅ።
ሐሙስ ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ።
አርብ ሹራብ ለበስኩ፤ ሹራብ ቁልፍ የለውም፤
ይህን ስነግራት ሳቀች።
እሁድ አባቴ «ትበላለህ?» አለኝ።
«ትናንት አልበላሁም» አልኩት።
በስልኩ ውስጥ
የጀልባውን ሞተር ሲያጠፋ ሰማሁ።

ዛሬ ደግሞ እዚያው ወንበር ላይ ነኝ፤ በረኛውም ጥጉን ይዟል።
አንዲት አዲስ ተማሪ ገባች፥
ካፖርቷ ውኃ ያንጠባጥባል፥ እጇ ጉንጯ ላይ።
አወቅኋት መሰለኝ፤ ልቤ ራራ።
የኔን እጅ አወረድኩና፥ ጠጋ ብዬ፥
«አይዞሽ፥ በሩ በስተቀኝ ነው» አልኳት።
«ጥርሴን ነው!» አለች፥ አፏ እየተኮላተፈ።
ጉንጯ እውነትም አብጧል።
በረኛው ከጥጉ ሆኖ፥
እጁን ጉንጩ ላይ ረስቶ፥
ከት ብሎ ሳቀ።