አንድ ሲካፈል ለሦስት

ታኅሣሥ ነው በታርቱ፤ በዘጠኝ ሰዓት መሽቷል፣
ወንዙም እንደ ተቀጣ ተማሪ ዝም ብሏል።
እኔ ሽማግሌው ቬሎ፣ የፍልስፍና አስተማሪ፣
ጠመኔ ኪሴ ውስጥ ቀረ፤ ሰሌዳው ሆኗል አብሪ።

«አንድን ለሦስት አካፍሉ» ብል፣ ታብሌቱ ቀደመ፤
ዜሮ ነጥብ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት… እስከ ግርጌው ተመመ።
ኢልሜ ባውራ ጣቷ ሦስቶቹን ወደ ላይ ገፋች፤
ገፋች፣
ገፋች፣
ደወሉ ጮኸ፤ ሌላው ወጣ፤ እሷ ገፋች።
«መጨረሻው የት ጋ ነው?»

አርባ ዓመት ለዚህ ጥያቄ ስም ሳወጣለት ኖርኩ፤
እግዜር እለው ነበር ድሮ፤ ኋላ ግን አፈርኩ።
እናቴ፣ የሴቶ ሴት፣ ሦስት ጣቷን ባንድ አጣምራ
ግንባሯን ትነካ ነበር፣ ቀሪውን ሳትፈራ።

ቀሪውን!
ይኼ ማሽን የደበቀውን።

ጠመኔዬን አወጣሁ፤ ዴስኩ ላይ ጻፍኩ፦ አንድ፤ አሥር፤
ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ፤ ቀሪ አንድ። ደግሞ አሥር፤
ቀሪ አንድ።
ኢልሜ ጣቷን አቆመች፦ «ሁልጊዜ? ያው አንድ?»
«ያው አንድ።»

የጽዳቷ ሴት እርጥብ ጨርቅ ይዛ በር ላይ ቆማለች፤
«ልጥረገው ወይስ ይቆይ?» አለች።