የመተላለፊያው ስፋት

ኮዱ የሚጠይቀው አንድ ሜትር ከአሥር፤
ሁለት ሰው ሳይነካካ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያይ እንዲሻገር።
እኔ ሁለት ሜትር ከአርባ ሣልሁት።
አለቃዬ መነጽሩን አወለቀ፦ «መንገድ ነው ወይስ ቤት?»
«እንጃ» አልሁት።

ኖርዝ ኤንድ፣ ዊኒፔግ፤ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ
የምንጣፍ መጋዘን ፈርሶ የቀረ መሬት፣ ነጭና ባዶ።
አርባ አንድ ቤተሰብ አዋጥቶ ገዝቶታል፤
ማክሰኞ ማታ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት
በማጠፊያ ወንበር ተቀምጦ ይከራከርበታል።
አንዱ ጋራዥ ይላል፤ አንዷ ሰፊ መስኮት፤
ሌላው የራሱ በር፣ የራሱ ደወል ያለበት።

አቶ ሻንካ፣ ዶርዜ ተወልዶ
እዚህ ሃያ ዓመት ኮርኒስ የሠራ፣
እጁን አወጣና ስለ ምስጥ አወራ።

«የኛ ቤት ቀርከሃ ነው፤ ከሥሩ ምስጥ ይበላዋል፤
ዓመት በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ያጥራል።
አባቴ በጉብዝናው ቀና ብሎ የገባበትን ደጅ
ሲሸመግል ጎንበስ ብሎ ገባበት፤ ቤቱም አብሮት አረጀ።
ምስጡ ሲበረታ ጎረቤት ይጠራል፤
ከውስጥም ከውጭም ይዘው ብድግ ሲያደርጉት
ቤቱ ተነሥቶ ይሄዳል።
እናንተ የምትሠሩትን፣» አለ ቆቡን እያሻሸ፣
«የዘመመ ቀን ማን ያነሣዋል?»

ማሞቂያው ብቻ ተንኳኳ።

ዶሪን ቢርዲ፣ ሽበቷን ሁለት ቦታ የጎነጎነች፣
ይህን መሬት ሕዝቧ ካርታ ሳይወጣለት የሚያውቀው፣
«በሩ ወደ ምሥራቅ ይሁን» አለች፤ ሌላ አልጨመረች።
በኋላ ግን፣ ካፖርቷን ስትደርብ፦
«ደግሞ የሞተ ሰው በሊፍት ቆሞ አይውረድ።
አክስቴን እንዲያ አወረዷት። እንደ ፍሪጅ።»

ያን ሌሊት መተላለፊያውን በቃሬዛ ለካሁት፦
አራት ተሸካሚ፣ ከጎን አንዲት አልቃሽ፣
ጥጉ ላይ ሲታጠፉ ሳይጋጩ፣ ሳያዘነብሉ።
ሁለት ሜትር ከአርባ መጣ።
እጄ ከእኔ ቀድማ ታውቅ ኖሯል።

በቋንቋችን ቤት የግጥምም ነው፤
ስንኝ ከስንኝ ጫፉ ላይ ሲገጥም «ቤት መታ» ይባላል፤
ብቻውን የቆመ ስንኝ ግን ቤት ያጣል።
ይህን ለአለቃዬ ልተረጉምለት ሞከርሁ፤
አቃተኝና በሚሊሜትር ጻፍሁ።

ከዚያ የበጀት ምስጥ መጣ።
ስድስት ፎቅ የነበረው አራት ሆነ፤
ሰገነቱን በላ፣ የእንጨት ልባጡን በላ፣
ሦስት ሌሊት የሣልሁትን የጣሪያ አትክልት
በአንድ ኢሜይል በላ።
በየስብሰባው አንድ አንድ ስንዝር አጠርን።
«መተላለፊያው ይጥበብ» የተባለ ማክሰኞ ግን
አርባ አንዱም፣ ጋራዥ ባዩ ጭምር፣
ፕላኑን ዙሪያውን ይዘው ከጠረጴዛው አነሡት፤
ለማንም አላስነኩት።

ባለፈው ጥቅምት ገቡ።
እኔ እዚያ ክፍል የለኝም፤
ስንጥቅ አያለሁ፣ ማጠፊያ እፈትሻለሁ እያልሁ እሄዳለሁ።

በጥር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት በሆነ ማለዳ፣
ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ወንበር ቆሞ ተገኘ፤
እግሩ በሽቦ የታሰረ፣ መቀመጫው የተጠገነ።
የእሳት ተቆጣጣሪው መጣ፦
«ይህ መውጫ ነው፤ ወንበር አይቆምበትም።»
እውነቱን ነው። ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ።
ቅጹን አወጣ፦ «የባለቤቱ ስም?»
በሮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ።
ጋራዥ ባዩ «የኔ አይደለም» አለ።
ዶሪንም «የኔ አይደለም»።
አቶ ሻንካ ተቀምጦበት ሳለ «የኔ አይደለም» አለ።
ማንም አልዋሸም።

ሰውየው ሜትሩን ዘረጋ።
ከወንበሩ እስከ ማዶው ግድግዳ
አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት።
ደግሞ ለካው።
ሊጽፍ ቢል፣ ከውጭ ይዞት የገባው ብዕር
ቀለሙ ረግቶ እምቢ አለው።

አቶ ሻንካ ተነሣ፤ ወንበሩን በእጁ ጠረገለት።
«እስኪሟሟ» አለው።