የባዶው ዘበኛ

ሰው ጎተራ ይጠብቃል፣ ሰው በረት፣ ሰው ካዝና፤
ሰይልካን ግን ዘበኛ ነው፣ ዘበኛ የኦና።
ከሦስተኛው ተርባይን ሥር፣ ከብረቱ ሆድ ውስጥ፣
እንፋሎት ሮጦ ሮጦ ደክሞት ሲቀመጥ፣
ውሃ ሆኖ ሲወድቅ ትቶት የሚሄደው
ባዶ ስፍራ አለ፤ ያንን ነው የሚወደው።

አየር ከገባበት ያ ባዶ ይሞላል፤
እንፋሎት ማረፊያ አጥቶ ተርባይኑ ይዝላል፤
ከሰሉ ያው ከሰል፣ እሳቱ ያው እሳት፣
መብራቱ ግን ያንሳል፣ ማንም ሳያውቅበት።

እኔ በጥር መጣሁ፣ ከአልማቲ በባቡር፣
ደረቴ ላይ መታወቂያ፣ ክንዴ ሥር ኮምፒውተር፤
«የብቃት መሐንዲስ» ይላል ወረቀቱ፤
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ነበር ሌሊቱ።

ስሌቴን አነበብኩ፦ ከመቶ ፉርጎ ከሰል
ሠላሳ ሦስቱ ነው ብርሃን የሚባል፤
ሌላው በጭስ ማውጫ፣ ሌላው በቱቦ ወርዶ
ሐይቁን ያሞቀዋል፣ በረዶውን ንዶ።
«ከሰርን!» አልኩ ጮኬ። ሳቀ ሽማግሌው፦
«እሑድ እሑድ፣ ልጄ፣ ኪሳራሽን ነው የምበላው፤
ዓሣው የሚኖረው በባከነው ሙቀት፣
እኔም መንጠቆዬን እጥላለሁ ለእራት።»

ከዚያ ሳቁን ተወ። «ሐይቁም ድርሻ አለው፤
ብርዱ ካልተከፈለው ሙቀት ሥራ የለው።
ይሄ ሕግ ነው፣ ዳኛው ጉቦ የማይበላ፤
ከድርሻው በላይ ሲወስድ ግን... ያ ሌላ።»

አዲስ ቦይለር ነበር እኔ የማልመው፣
ስድስት መቶ ዲግሪ ችሎ የሚቆመው፣
ውሃው የማይፈላ፣ ከግፊቱ ብዛት
ሳይንተከተክ የሚያልፍ፣ ከውሃ ወደ ትነት።
ደብዳቤ ጻፍኩ ለአስታና። መልሱ አንድ መስመር፤
«ባለው ሥሩ» ይላል፤ ማኅተሙ ያምር ነበር።

ሰይልካን ከኪሱ አወጣ
ጉማጅ ሻማ።
ለኮሰ።
በየመጋጠሚያው፣ በየብሎኑ፣ በየቫልቩ አንገት
ነበልባሉን አስጠጋ፣
ሕፃን አቅፎ እንደሚያስም ሰው፣ ቀስ ብሎ።
ተከተልኩት። ተርባይኑ ያገሳል፤ ንግግር የለም።
አንድ ሰዓት። ሁለት። ቀጥ ያለ ነበልባል።
ሰሙ ጣቱ ላይ ወርዶ ደረቀ።

ከዚያ ከመሰላሉ ጀርባ፣
ቀለም ቀቢ የረሳው አንድ ፍላንጅ ዘንድ፣
እሳቱ ጎነበሰ።
ማንም እፍ ሳይለው
ተኛ ወደ ብረቱ፣ በር ላይ ጆሮውን ለጥፎ
እንደሚያዳምጥ ልጅ።
ጥፍር የማያስገባ ስንጥቅ።

ቅባትና ክር፣ አንድ ረጅም መፍቻ፣
ሦስት ስድብ በሩስኛ።
የግፊት መለኪያው መርፌ ተንቀጠቀጠ፣
ወረደ።

ግማሽ በመቶ ነው ያገኘነው ሁሉ፤
ሪፖርቴን አይተው ሳቁ አለቆች በሙሉ።
በኔ ሒሳብ ግን በየቀኑ ሦስት ፉርጎ ነው፣
አካፋ ሳይነካው ከመሬት የቀረው፤
ሦስት ፉርጎ አመድ፣ በረዶ የማያጠቁር፣
ሦስት ፉርጎ ሳል፣ ደረት የማይቆፍር።
ጎረቤቴ ዳውሬን፣ የከሰል ባቡር ነጂው፣
«ሦስት ፉርጎ ቀነስሽብኝ» አለኝ ደረጃው ላይ።
መልሱን ያኔም አላወቅሁት፤ ዛሬም አላውቀው።

በሚያዝያ ጡረታ ወጣ ሰይልካን።
ሻማዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ጣት ታህላለች።
አደራ አላለኝም። «ሰሙ ያቃጥላል» ብቻ አለ፣
መንጠቆውን አንጠልጥሎ ወደ ሐይቁ ሄደ።

ክረምቱ ተመለሰ። ዛሬ ሌሊት ፈረቃ የለኝም።
ሕንጻችን መብራት ጠፍቶበታል፣
እኛው በምናበራው ከተማ።
ሻማዋን ለኮስኩና መስኮቱ ዘንድ አቆምኳት።
ከሜዳው የመጣ ነፋስ አንድ ቀዳዳ አግኝቷል፤
እሳቱ ወደ ውጭ ሳይሆን
ወደ እኔ ጎነበሰ።

ጨርቅ ፍለጋ ተነሳሁ።