ውሃው እስኪደርቅ

ከመክነስ በታክሲ፣ ስድስት ሆነን ታጭቀን፣
ወሊሊ ከተማ ደረስን በላብ ተጠምቀን።
ከተማ ካሉት—
በር አለው፣ ቤት የለው፤
ዓምድ አለው፣ ጣራ የለው፤
በየዓምዱ አናት ሽመላ ጎጆውን ቀልሶ
መንቆሩን ያንቋቋል፣ ባለርስት መስሎ።

አስጎብኚዋ በጃንጥላዋ ጫፍ ትጠቁማለች፦
ይህ ፍርድ ቤት ነበር፤ ያ ገበያ ነበር፤
«ነበር» ሲደጋገም ጆሮዬ ደነዘዘ።
አርባ ፎቶ አነሣሁ፣
የቱ የምን እንደሆን እዚያው ረሳሁ።

ዘበኛው ቡአዛ ከወይራው ጥላ ተነሣ፣
በእጁ የለስላሳ ጠርሙስ፣ ግማሽ ውሃ የያዘ።
ምንም አላለም።
ገመዱን ተሻግሮ ተንበረከከ፣
አቧራ በለበሰው በደብዛዛው ጠጠር ላይ
ውሃውን ረጨ።

ዓሣ!
ቀይ ቅርፊት፣ አረንጓዴ ጅራት፣
ዓይኑ ክብ፣ የተገረመ፣
አሁን ከወንዝ የወጣ።
ቀጥሎ የማዕበል ጥቅል፣ ቀጥሎ የሴት ተረከዝ፤
ውሃው እስከደረሰበት ብቻ፤
ከዚያ ወዲያ ትቢያ።

ማን ነው ይህን ሁሉ ጠጠር በጠጠር የደረደረ?
ስሙን አልተወልንም፤
ጉልበቱን ግን ያመው ነበረ።
በምን አወቅሁ? ቡአዛም ሲነሣ
«ያ አላህ» ብሎ ነው፣ ጉልበቱን ይዞ።

ፀሐይ አልታገሠችም።
መጀመሪያ ጅራቱ፣ ኋላ ቅርፊቱ፣
ዓይኑ መጨረሻ—
ፈዝዞ ገባ ወደመጣበት።

ሃያ ድርሃም ዘረጋሁ፤ አልተቀበለኝም።
ጠርሙሱን ገልብጦ አሳየኝ፣ ባዶ፤
ቧንቧው በሩ አጠገብ ነው፣ በአገጩ ምልክት።
ሌላ ጎብኚ መጥቷል፣ ልጅ በትከሻው ያዘለ።
ሄጄ ሞላሁለት።