ሁለት ደቂቃ አላችሁ

ጥር ነው በዮኤንሱ፤ ወንዙ ቆዳ አውጥቶ ተኝቷል፤
ቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሥራ እንደጨረሰ ሰው፣ ኮቱን ደርቦ ወጥቷል።
እኔ ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከሚንሾካሾክ የሙቀት ቧንቧ ጎን ካለው ወንበር፣
ስለ መማር እጽፋለሁ። ራሴ መማሬን ግን ከተውኩት ሰንብቼ ነበር።

ጥናቴ ስለ ዐይን ነው፦
አንባቢ ከየትኛው ቃል ላይ እንደሚያርፍ፣ ከየትኛው እንደሚሸሽ፣
መሣሪያው ይከተለዋል፣ እንደ አዳኝ ውሻ፣ እስኪመሽ።
ዐይን ሦስት ሰከንድ ከቆመ ቀይ ነጥብ ይበራል፤
«ተቸግሯል» ብሎ ይፈርዳል፤ ቀለል ያለ ጥያቄ ይደረድራል።

ማክሰኞ ሄይኖ መጣ፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፤
ግንድ በወንዝ ሲነዳ ነው ያለቀው ጉልበቱ።
መነጽሩን አጠለቅሁለት፣ ጥቁርና ከባድ፤
ውስጡ ወንዝ ሠርተንለታል፣ ግንድ በግንድ ላይ ሲናድ።
«ተቆላልፎ የቆመውን ክምር ለመፍታት፣
የትኛው ግንድ ይሳባል?» አለው መነጽሩ፤ ምርጫው አራት።

ሄይኖ ቆመ። ዝም አለ።
ቀይ ነጥቡ በራ።
ጥያቄው ቀለለ።
ሄይኖ ቆመ። ዝም አለ።
እንደገና በራ።
«የግንድ ቀለሙ ምንድን ነው?»
ተብሎ ተጠየቀ፣ ዕድሜውን ግንድ ላይ ቆሞ የጨረሰው ሰው።
መነጽሩን አወለቀና፣ ግንባሩን አበሰና፣
«ውሃችሁ ድምፅ የለውም» አለ፤
«ቁልፉ ግንድ የሚገኘው በጆሮ ነው፤ በዐይን አይታወቅም።»

ማሽኑ ዜሮ ሰጠው።
እኔ ደብተሬን ገለጥኩ፤ የምጽፈው ጠፋኝ፤
የሽማግሌው ዝምታ አንስቶ ዱራሜ ወሰደኝ።

ሰባ ሁለት ነበርን፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ለሦስት አንድ ወንበር፤
ግድግዳው ላይ ፕላዝማ፣ ከብረት ሣጥኑ ውስጥ፣ እንግሊዝኛውን ሲያንደቀድቅ ነበር።
ከረቫት ያሰረ መምህር፣ ከማናውቀው አገር፣ ይጠይቀናል፤
«ሁለት ደቂቃ አላችሁ» ይልና ጥግ ላይ ሰዓት ይሥልልናል፤
እኛ ገና «ምን አለ?» ስንባባል፣
«በጣም ጥሩ!» ይለናል።
ማንን እንዳመሰገነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

መምህር ኤርሲዶ ከጎኑ፣ ሪሞት ይዞ፣ እንደ ዘበኛ ይቆማል።
መብራት ሲጠፋ ግን (ተመስገን፣ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል)
ጠመኔውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሰሌዳውን በክንዱ ጠርጎ፣
«የት ላይ ጠፋችሁ?» ይላል፤ ይጠብቀናል፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ።
ይጠብቃል። ዝንብ ትዞራለች። ይጠብቃል።
አንድ ቀን፣ ትምህርቱ ስለ ፍጥነት ነበር፣
ዓለሚቱ ከኋላ ወንበር «ከመጀመሪያው» አለች።
አልሳቀም። አልተቆጣም።
ከመጀመሪያው ጀመረ።

አማካሪዬ ኪርሲ፣ ደግ ናት፣ ከበሩ ቆማ፣
«ሽማግሌውን እናውጣው፤ ውጤቱን ያዛባል» አለች፣ ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ።
ፕሮግራሙን የሚጽፈውን ዩሲን ለመንኩት፦
«ሰው ዝም ሲል ማሽኑ ይጠብቅ።»
«እሺ፣ ስንት ሰከንድ?» አለኝ።
ስንት ሰከንድ?
ኤርሲዶ ስንት ሰከንድ ጠበቀን? ማን ቆጠረ?
የሚጠብቅ ሰው ሰዓቱን ካየ፣ መጠበቁ ቀረ።

መሣሪያ ጠልቼ አይደለም። ወንድሜ እግሩን የሰበረ ዓመት
ከአልጋ ሳይነሳ፣ በስልክ ተምሮ፣ ማትሪክ አልፏል፤
ክፉ ብናገር የገዛ ቤቴ ይታዘበኛል።
ግን ሄይኖን ከሠንጠረዡ ለመሰረዝ ጣቴ እምቢ ብሏል።

መሸ። ዐይኔ መስኮቱ ላይ ቀረ።
አንድ ሰው ውሻውን አስከትሎ ወንዙን ይሻገራል፣
በእግሩ፣ በበጋ ጀልባ ባለፈበት።
መሣሪያውን ማጥፋት ረስቼ ኖሮ
ከስክሪኑ ጥግ ቀይ ነጥብ በራ፦
«ተቸግራለች።»
ቀለል ያለ ጥያቄ አቀረበልኝ።
አላነበብኩትም።
ሰውየው ማዶ እስኪደርስ ጠበቅሁ።